ስለ ተግሣጽና ስለ ዕርቅ

መበደል ሳይማሩት የሚመጣ ነገር ነው፤ በደልን ማቅናት ግን ትምህርት ይፈልጋል። ትምህርት ቤትም ፊደል ብቻ የሚቈጠርበት ስፍራ አይደለም፤ ከእናትና ከአባት ቤት የወጣ ልጅ ከባዕድ ልጅ ጋራ መኖርን መጀመሪያ የሚማርበት ነው እንጂ። ስለዚህ አንዱ ልጅ ሌላውን በበደለ ጊዜ መምህሩ የሚሰጠው ፍርድ እርሱ ራሱ ትልቅ ትምህርት ይሆናል። ልጅ ከመጽሐፍ ያነበበውን ይረሳው ይሆናል፤ የተፈረደለትንና የተፈረደበትን ግን እስኪሸብት ድረስ አይረሳም።

ነገሩ እንዲገለጥ ቱምን መመልከት ይበቃል። በምዕራብ ኦሞ በማጂ ምድር ያለችው ይህች ከተማ በደጋው የሚያርሱት ዲዚዎች፣ በቈላው ከብት የሚያረቡት ሱሪዎችና ሜኢኒቶች፣ ከሌላ አገር መጥተው የሰፈሩም ሰዎች በሚጐራበቱበት አገር የተቀመጠች ናት። በደገኛውና በቈለኛው መካከል በከብትና በግጦሽ ምክንያት ብዙ ጊዜ ደም ፈስሷል። እንግዲህ የእነዚህ ሰዎች ልጆች በአንድ ወንበር ሲቀመጡ ከደብተራቸው ጋራ የአባቶቻቸውን ቂም ይዘው ቢመጡ አያስደንቅም።

በእንዲህ ያለ አገር አንዱ ተማሪ የባልንጀራውን ወገን ሰድቦ ደብተሩን ቀደደበት እንበል። በተለመደው ሥርዐት ሹሙ ልጁን ጠርቶ ወላጅህን አምጣ ይለዋል፤ ማስጠንቀቂያ ይጽፍበታል፤ ሦስት ቀንም ከትምህርት ያግደዋል። ሕጉ ተፈጸመ። ነገር ግን ደብተሩ እንደ ተቀደደ ነው፤ የተሰደበውም እንደ ተሰደበ ነው። ጥፋተኛውም ሦስቱን ቀን ከብት ሲጠብቅ ሰንብቶ ቂሙን አሳድጎ ይመለሳል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ ላይ ይፈጸማል። ለተወጋው ምን ተደረገለት ብሎ የጠየቀ የለምና።

ቀድሞ ለዚህ ሁሉ መልሱ አርጩሜና አለንጋ ነበረ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 በትምህርት ቤት የሕፃናትን አካል መቅጣት ከልክሏል፤ መልካም አደረገ። ዱላን ከእጅ ማስጣል ግን የሥራው እኩሌታ ብቻ ነው። በስፍራው ሌላ ነገር ካልገባ መምህሩ ወይ ቸልተኛ ይሆናል፤ ወይ ዱላውን በምላሱ ይይዘዋል።

በስፍራው ሊገባ የሚገባውም ነገር በአገራችን እንግዳ አይደለም። ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው እንደሚያደርጉት፣ በዳይና ተበዳይ ከመምህራቸውና ከጥቂት ባልንጀሮቻቸው ጋራ ክብ ሠርተው ይቀመጡ። መጀመሪያ ምን ሆነ ተብሎ ይጠየቅ፤ ቀጥሎ ማን ተጐዳ፣ ጕዳቱስ እንዴት ነው ተብሎ ይጠየቅ፤ በመጨረሻም ምን ቢደረግ ይካሣል ተብሎ ይጠየቅ። ተበዳዩ ፊተኛ ይናገር፤ በዳዩም ሰምቶ በቃሉ ይመን። ከዚያ በኋላ ደብተር የቀደደው ልጅ ገዝቶ ብቻ አይስጥ፤ በተበዳዩ አጠገብ ተቀምጦ የጠፋውን ጽሑፍ መስመር በመስመር በእጁ ይገልብጥለት። ካሣውም ይህ ነው፤ ተግሣጹም ይህ ነው፤ ምናልባትም የወዳጅነታቸው መጀመሪያ ይህ ይሆናል።

በባሕር ማዶም ያሉ ሰዎች ወደዚህ መንገድ ተመልሰዋል። የኒውዚላንድ መንግሥት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ባወጣው ሕግ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪዎች ልማድ ተምሮ፣ ያጠፋ ልጅ ነገር በቤተ ዘመድ ጉባኤ እንዲታይ አድርጓል። እነርሱ ከነባር ሽማግሌዎቻቸው ለመማር ካላፈሩ፣ ሽምግልናን ከአባቶቹ የወረሰ ሕዝብ ከትምህርት ቤት ደጅ ሲደርስ ለምን ይረሳዋል?

ቤተ ክርስቲያንም ያስተማረችው ይህንኑ ነው። ጌታ በወንጌል ወንድሙን ያስቀየመ ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዝዟል። ዘኬዎስም የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ እንጂ በዕንባ ብቻ አልቀረም። ሐዋርያው ጳውሎስም አናሲሞስን ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና ሲመልሰው፣ ዕዳ ቢኖርበት እኔ እከፍላለሁ ብሎ ዋስ ሆነለት። መምህርም ለተማሪው እንዲህ ያለ ዋስ ሊሆን ይገባዋል።

ይህ ልጅን ማቀማጠል ነው የሚል ቢኖር ግን ያስተውል። ዱላን ጀርባ ይችለዋል፤ ያሳዘኑትን ሰው ዓይን እያዩ አጠፋሁ ማለትን ግን ልብ በቀላሉ አይችለውም። የተደበደበ ልጅ የሚያስበው ስለ መታው መምህር ነው፤ በክቡ የተቀመጠ ግን ስለ በደለው ባልንጀራ ያስባል።

ዳሩ ግን ዕርቅ የሚባለው ሁሉ ዕርቅ አይደለም። ኀይለኛው ደካማውን፣ ብዙው ጥቂቱን ይቅር በል ብሎ ሲያስገድድ፣ ያ በበደል ላይ የተጨመረ ሌላ በደል ነው። ይልቁንም በሴት ልጅ ክብርና በልጆች አካል ላይ የተሠራ ግፍ በሽምግልና ተሸፍኖ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ወደ ዳኛ መሄድ አለበት፤ መምህሩም ሽማግሌ ሊሆንበት አይገባም። እውነት ያልተነገረበትና ተበዳይ በፈቃዱ ያልተቀበለው ሰላም፣ ዐመድ እንደ ለበሰ ፍም ነው።

የመምህርም ፈንታ አለበት። ቅዱስ ያሬድ ሕፃን ሳለ ትምህርት ባይገባው ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ዱላ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር እንደ ተቀመጠ፣ ብዙ ጊዜ ወድቆ በመጨረሻ ከላይ የወጣውን ትል አይቶ ወደ መምህሩ እንደ ተመለሰ ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ግን ትሉን ሲያደንቅ ደጁን ይረሳል። ዱላው ያሬድን አሸሸው፤ ትሉ መለሰው፤ ይቅርታ በለመነ ጊዜ መምህሩ ደጁን ዘግቶበት ቢሆን ኖሮስ? ዜማው ሁሉ ከዛፉ ሥር በቀረ ነበር።

ስለዚህ በቱምም ሆነ በሌላ ስፍራ ያለ መምህር ማታ ደጁን ሲዘጋ ራሱን ይመርምር፤ ዛሬ የቀጣሁት ልጅ ወደ ባልንጀራው የሚመለስበትን መንገድ አሳይቼዋለሁን? እኔስ የበደልሁት ልጅ ካለ፣ ነገ በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ እለምነዋለሁን? ይህን ለመጠየቅ የደፈረ መምህር፣ ለአባቶች የከበደውን ሰላም ለልጆች ሊያወርስ ይችላል።