ጅባራና የሣር ሜዳው ወፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ብርቅ የሆነ ነገር ሁልጊዜ ከምናየው ነገር ይበልጣልን?

በሰሜን ተራሮችና በባሌ ደጋ ጅባራ የሚባል ተክል አለ። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይበቅልም። በብርድና በውርጭ መካከል ብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይቆያል። ከዚያም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ያብባል፤ ዘሩን በትኖም ይሞታል።

አሁን ወደ እኛ ኮልፌ ቀራንዮ እንምጣ። በፍልሰታ ሰሞን ዝናቡ መሬቱን ሲያረጥበው፣ ምንቃሩ ረጅምና ቆልመም ያለ፣ ከጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለለት ጠቆር ያለ ወፍ በየሣሩ ላይ ትል ሲለቅም ይውላል። ጠዋትና ማታ በመንጋ ሆኖ እየጮኸ በጣራችን ላይ ያልፋል። ማን ቀና ብሎ ያየዋል? «ደግሞ ጀመረ» ነው የምንለው። ነገር ግን ይህም ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ አይገኝም! የውጪ ሰው እርሱን ለማየት ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። እንግዲህ ወፉ ተራ የሆነው በእኛ ዓይን ነው፤ ስለለመድነው።

ወገኖቼ፣ በሰው ላይስ እንዲሁ አይደለን? ከሩቅ ሰባኪ መጣ ሲባል ቦታ ለመያዝ እንሽቀዳደማለን፤ በየማለዳው የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ የምትጠርገውን እናት ግን ስሟን እንኳ አናውቅም። ለእንግዳ የምናሳየውን ፈገግታ ለትዳር ጓደኛችን እንነፍጋለን። በፍልሰታ ነጠላችንን አጣፍተን ቅጽሩን እንሞላለን፤ ነሐሴ 16 ካለፈ በኋላስ?

«ታዲያ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያብበው ጅባራስ?» ትሉኝ ይሆናል። እርሱም ቢሆን እዚያ የደረሰው የእያንዳንዱን ሌሊት ውርጭ ችሎ ነው። አበባው የአንድ ጊዜ ነው፤ ትዕግሥቱ ግን የየዕለቱ ነው። ስለዚህ ገና ያላበበውን ወንድማችንን «ፍሬ የለውም» ብለን አንፍረድበት።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ (ማቴ. 6) የአባቱን መግቦት ሲያስተምረን የጠቆመን የሰማይ ወፎችንና የሜዳ አበቦችን ነው፤ ብርቅ ነገር ፍለጋ አልሄደም፤ ሁሉም በየቀኑ እያየ የሚያልፈውን አሳየን እንጂ።

እንግዲህ ዛሬ ከቅዳሴ ስትወጡ፣ ሁልጊዜ በር ላይ የምታልፉትን ነዳይ ቆም ብላችሁ ስሙን ጠይቁት። ሳንቲሙ ከዚያ በኋላ ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።