በሩን አቅዱ፣ ግቢውን ለልጆቹ ተዉላቸው

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ጠበል ጸዲቅ እየቀመስን ሳለ፣ አንድ ወጣት አባት ከነባለቤቱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። በመጋቢት ልጆቹን ይዞ ኦርላንዶ፣ ዲዝኒ ወርልድ ሊሄድ ነው። ስልኩን ከፍቶ ያዘጋጀውን ሰንጠረዥ አሳየኝ። አምስት ቀን ሙሉ፣ ከማለዳ እስከ ሌሊት፣ በየሩብ ሰዓቱ ተከፋፍሏል። የሚሳፈሩበት ራይድ፣ የሚበሉበት ምግብ ቤት፣ የሚገቡበት በር፣ ሁሉም በቀለም ተለይቷል። «አባባ፣ የረሳሁት ነገር ይኖር ይሆን?» አለኝ። ከላይ እስከ ታች ካየሁት በኋላ «ትንሿ ልጅ የምትተኛው የቱ ጋ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ባልና ሚስቱ ተያዩ።

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእነሱና እንደ እነሱ ለምታስቡ ሁሉ ነው። ለእንዲህ ያለ ጉዞ ምን ያህል ማቀድ ይገባል ብላችሁ መጠየቃችሁ ትክክል ነው። ብዙ ሌሊት የተሠራበት ገንዘብ ነው የሚወጣው። እኔ ምንም ሳላቅድ ልጆቼን ይዤ ሄጃለሁ፤ ደቂቃ በደቂቃ በታቀደ ጉዞም ተወስጃለሁ። በሁለቱም ልጅ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

መጀመሪያ የሄድነው በፈረንጆቹ 1996፣ በገናቸው ሳምንት ነበር። ዋሽንግተን ታክሲ እነዳ ነበርና መንገድ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ልጆቹን ጭኜ አይ-95ን ይዤ ወደ ደቡብ ነዳሁ፤ ወደ 850 ማይል ያህል። ማደሪያ አልያዝሁም፣ ትኬት አልገዛሁም። አገር ቤት ወደ ዘመድ እንደሚኬድ፣ «ስንደርስ እናየዋለን» ነበር ያልሁት። ያ ሳምንት በዓመቱ ውስጥ ሰው እጅግ ከሚበዛባቸው አንዱ መሆኑን የነገረኝ የለም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም።

ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ለወራት የምታወራው በቴሌቪዥን ስላየችው ስለ ሲንደሬላ ካስል ነበር፤ ግራጫና ሰማያዊ፣ ሹል ጣራ ያለው። ማጂክ ኪንግደም ስንገባ ካስሉን አጣችው። በቦታው ግዙፍ ሮዝ ኬክ ቆሟል። ፓርኩ የተከፈተው ጥቅምት 1 ቀን 1971 ነበርና ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ለማክበር ካስሉን የልደት ኬክ አስመስለው አስጊጠውት ነበር፤ ከአንድ ዓመት በላይም እንደዚያው ቆይቷል። አስቀድሞ የተነገረ ነገር ነው፤ አንድ ስልክ ብደውል ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። ሌሎች ልጆች በኬኩ ተደስተው ፎቶ ይነሳሉ። የእኔ ልጅ ግን እጄን ይዛ «አባዬ፣ ካስሉ የት ሄደ?» ትለኛለች። መልስ አልነበረኝም። ቀኑን በሰልፍ ስንቆም ውለን ሁለት ራይድ ብቻ ተሳፈርን። ማታ ማደሪያ ፍለጋ ስዞር ልጆቹ ከኋላ ወንበር እንደተቀመጡ አንቀላፉ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያ ነው የማየው።

ያቺ ልጅ አደገች፣ አግብታ ወለደች፤ በ2018 እኛን አያቶቹን ጨምራ ልጆቿን ወደዚያው ይዛ ሄደች። ያኔ ፓርኩ ሆቴል ውስጥ ላረፈ ሰው የሰልፍ ማሳጠሪያውን፣ ፋስትፓስ ፕላስ የሚባለውን፣ ከ60 ቀን በፊት ማስያዝ ይቻል ነበር። የምግብ ቤት ወንበር ደግሞ ከ180 ቀን በፊት ይያዝ ነበር። ስድስት ወር ቀድሞ ምሳ መያዝ ማለት ነው። ልጄ አንዱንም አላመለጣትም። ማለዳ ከመኝታዋ ተነስታ ስልኳ ላይ ተደፍታ የምትፈልገውን ሁሉ ያዘች። ለእያንዳንዳችን የታተመ ወረቀት ሰጠችን። ኮራሁባት።

ሦስተኛው ቀን ላይ ነው። የልጅ ልጄ አራት ዓመቷ ነው፤ መንገድ ዳር ቁጢጥ ብላ አንድ ነጭ ወፍ ታያለች። አይቢስ ይሉታል፤ ምንቃሩ ረጅምና እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው፤ ፍሎሪዳ ውስጥ በየሣሩና በየምግብ ቤቱ ደጅ አይጠፋም። ወፉ የወደቀ ፋንዲሻ ይለቅማል፤ ልጅቷ አንድ ፍሬ ትጥልለታለች፤ ወፉ አንድ እርምጃ ይቀርባል፣ እሷ ትንፋሿን ትይዛለች። «ማሚ፣ እይው! እይው!» ትላለች። እናቷ ስልኳን አየች፤ የያዘችው ሰዓት ሊያልፍ ነው። «በኋላ፣ የኔ ቆንጆ» ብላ ብድግ አደረገቻት። ልጅቷ እስከ ራይዱ በር አለቀሰች፤ ተሳፍራም አለቀሰች። ስንወርድ ልጄ መጸዳጃ ቤት ገብታ ቆየች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። «አንድም ነገር እንዳይቀርባቸው ብዬ ነበር» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ወረቀቱን መጻፍ የጀመረችው ስድስት ዓመቷ ላይ፣ ኬኩ ፊት ለፊት ቆማ ነው። ያስጀመርኳት እኔ ነኝ።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። በሩን አቅዱ፤ ግቢውን ለልጆቹ ተዉላቸው። በሩ የምለው በዕለቱ እዚያ ደርሳችሁ ልታገኙት የማትችሉትን ነው። የቀረው ሁሉ ግቢ ነው።

ከበሩ የመጀመሪያው ቀኑን መምረጥ ነው። የፈረንጅ ገናና ፋሲካ ሰሞን በጣም ይጨናነቃል፤ የጥር መጨረሻና የመስከረም ወር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይላል። ትምህርት ቤት ያላቸው ልጆች ግን በመስከረም አይወጡም፤ ስለዚህ ብዙዎቻችሁ የምትሄዱት በስፕሪንግ ብሬክ ወይም በነሐሴ ነው። እዚህ ላይ የቤታችንን ቀን መቁጠሪያም አብራችሁ ክፈቱ። ስፕሪንግ ብሬክ ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ይወድቃል። የነሐሴው ደግሞ ፍልሰታ ላይ ነው፤ ልጆች ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም። ወጣቱ አባት ሰንጠረዡ ላይ አምስት ምግብ ቤት ይዟል፤ አምስቱም ሥጋና አይብ ነው። ባለቤቱ ግን ትጾማለች። አውቆ አይደለም፤ የምግቡን ዝርዝር ያየው በልጆቹ ዓይን ብቻ ስለሆነ ነው። ፓርኩ ምግብ ይዞ መግባትን አይከለክልም፤ የማይፈቀደው የመስታወት ዕቃና አልኮል ነው። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሱፍ፣ ፍራፍሬ በቦርሳ ይዛችሁ ግቡ። ፈጣን ምግብ የሚሸጡት ቤቶች በረዶ ያለው ውሃ ለጠየቀ ሁሉ በነጻ ይሰጣሉ። ወጥ ቤት ያለው ማደሪያ ከተከራያችሁ ሽሮው ማታ ማታ ይሠራል፤ የገንዘቡም ሸክም ይቀላል።

ስለ ገንዘቡ አጥብቄ ልናገር። መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ዋጋው ነው፤ ራይዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ትኬት፣ ማደሪያ፣ ነዳጅ፣ ምግብ፣ ልጆቹ የሚለምኑት መጫወቻ፣ ሁሉንም ደምሩና የሌላችሁን በክሬዲት ካርድ አትሙሉት። አንድ ዓመት ቢቆይ ልጆቹ አይጎዱም። ሕፃን ሦስት ዓመት እስኪሞላው በነጻ ይገባል፤ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ እንደ አዋቂ ይከፍላል። አንዳንድ ሰው በሩ ላይ የልጁን ዕድሜ ይቀንሳል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ልጁ አጠገባችሁ ቆሞ ይሰማል፤ ዕድሜውንም በደንብ ያውቃል።

ቁመታቸውንም ቤት እያላችሁ ለኩ። ስፔስ ማውንቴን ለመሳፈር 112 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ ትሮን የሚባለው 122፤ ሰቭን ድዋርፍስ ማይን ትሬይን 97። አንድ ሰዓት ተሰልፎ በሩ ላይ የተመለሰ ልጅ የሚሰማውን ውርደት አትርሱት። ቁመቱ ያልደረሰ ካለ ደግሞ፣ አንዱ ወላጅ ከልጁ ጋር ቆይቶ ሌላው ሲወርድ ያለ ሰልፍ የሚተካበት ራይደር ስዊች የሚባል አሠራር አለ፤ ሠራተኞቹን ጠይቁ።

አሁን ፋስትፓስ የለም። ያለው ላይትኒንግ ሌን የሚባል፣ ገንዘብ የሚከፈልበት ነው፤ የፓርኩ ሆቴል ያረፈ ከ7 ቀን በፊት፣ ውጭ ያረፈ ከ3 ቀን በፊት ይይዛል፤ ጠዋት በ7 ሰዓት ይከፈታል፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ማለቴ ነው። የምግብ ቤት ወንበር ከ60 ቀን በፊት ይያዛል። እነዚህ ደንቦች ስለሚቀያየሩ ከመነሳታችሁ በፊት በፓርኩ አፕ ላይ አረጋግጡ፤ የተዘጋ ነገር ካለም እግረ መንገዳችሁን እዩ። እኔ ለልጅ ልጆቼ በጀልባ ስለምንሻገርባት የቶም ሶየር ደሴት ስነግራቸው ኖሬያለሁ፤ በሐምሌ 2025 ግን ደሴቲቱም ወንዙም ለዘለቄታው ተዘጉ።

በዚህ ሁሉ መካከል ስንቱን ልትይዙ ነው? ልጆቹን አስቀምጡና እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ። አንድ። ያን አንዱን በገንዘብም በማለዳ መነሳትም አስከብሩላቸው። ሦስት ልጅ ካላችሁ ሦስት ነገር ነው፤ በአምስት ቀን ውስጥ ያለ ጭንቀት ይፈጸማል። ወላጆችም አንድ አንድ ምረጡ፤ እናንተም ሰው ናችሁ። የዲዝኒ ወርልድ መሬት የሳን ፍራንሲስኮ ከተማን ያህል ይሰፋል፤ አራት ፓርክ አለበት፤ ሁሉንም አይቶ የጨረሰ ሰው አላውቅም። ልጆቹ በግንቦት 2025 ስለተከፈተው የዩኒቨርሳል ኤፒክ ዩኒቨርስም ይጠይቋችኋል። በዚህ ጉዞ አይሆንም በሏቸው።

ጠዋት በሩ ሲከፈት ድረሱ፤ የመጀመሪያዋ ሰዓት ሰልፏ አጭር ነው። ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ ውጡ። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ በበጋቸው ወራት ደግሞ ከሰዓት በኋላ መብረቅና ዶፍ የተለመደ ነው፤ መብረቅ ሲኖር ሜዳ ላይ ያሉት ራይዶች ይቆማሉ። ማደሪያችሁ ሄዳችሁ ተኙ። ሕፃኗ ትተኛ፣ አባትየውም ይተኛ። ማታ ጀንበር ስትቀዘቅዝ ተመለሱ፤ ድካም የሌለበት ልጅ ማታ መብራቱን ሲያይ ፊቱን ብታዩት! በሰንጠረዡ ላይ የከሰዓቱ ሣጥን ባዶ መሆኑ ለመተኛት ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ እንደገና ማየት የሚፈልጉትን እንዲያዩበት ነው። ያ ነጭ ወፍ የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው።

ከአገር ቤት እናት ወይም አባት መጥተውላችሁ ከሆነ ደግሞ ዕቅዱን በእነሱ እግር ለኩት። ከእነዚህ ፓርኮች በአንዱ ውስጥ አንድ ቀን መዋል በእግር አሥር ኪሎ ሜትር መሄድ ሊሆን ይችላል። የሚገፋ ወንበር ይከራያል፤ እንቢ ቢሉም ያዙላቸው፤ ከሰዓት በኋላ ይቀመጡበታል። የእናንተን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ ክተቱ። የመገናኛ ቦታ ስትነግሯቸው «ካስሉ ፊት ለፊት» አትበሉ፤ ያለው ሰው ሁሉ እዚያ ነው። አንድ ወንበር ምረጡ፣ አብራችሁ ሄዳችሁ አስቀምጧቸውና አሳዩአቸው።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በ2004 ከደብረ ብርሃን መጥታ አኒማል ኪንግደም ወስደናት ነበር። ያሰብነው ሌላ ነገር ነበር፤ ዝናቡ ያዘንና ከአንድ ዳስ ሥር ተጠለልን። ሲያባራ የቀረበን የኪሊማንጃሮ ሳፋሪ መኪና ነበርና ተሳፈርን። አየሩ ቀዝቅዟል፤ እንስሳቱ ወጥተዋል። ዝሆኖቹ ጋ ስንደርስ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ ልትል ቃጣት፤ ያዝናት። ሰባ ዓመት አልፏት፣ አፍሪካ ተወልዳ አድጋ፣ ዝሆን በዓይኗ ያየችው ፍሎሪዳ ነው። ማታ ስልክ ደውላ ለእኅቷ የነገረቻት ስለ ጆሮው ስፋት ብቻ ነበር።

ስለ መንገዱ ትንሽ ልጨምር። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ የምትነሱ፣ ሕፃንና አረጋዊ ካላችሁ፣ መኪናችሁን ጭኖ ከሎርተን ወደ ሳንፎርድ የሚሄደውን የአምትራክ ኦቶ ትሬይን ዋጋውን እዩት፤ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ጠዋት ፍሎሪዳ ያደርሳችኋል። እነዳለሁ ካላችሁ ግን መሐል ላይ እደሩ። ስንት ዓመት መሪ ጨብጬ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ እንቅልፍ የያዘው ሹፌር ራሱን አያውቅም።

ስትመለሱም በእሑድ ማታ አትመለሱ። ያን ወጣት አባት ሰንጠረዡን እስከ መጨረሻው እንዲያወርደው ጠይቄው ነበር፤ እሑድ ሌሊት ስድስት ሰዓት ቤት ደርሶ ሰኞ ማለዳ ሥራ ይገባል። ባለቤቱ ስልኩን ከእጁ ወሰደችና የመጨረሻውን ቀን እዚያው ሰረዘችው። አሁን ቅዳሜ ይገባሉ። እሑድ ቅዳሴ ቀርተው ቢያረፍዱም ካህኑ አይቆጧቸውም፤ ልጆቹ ይተኙ፣ ልብሱ ይታጠብ፣ ፎቶውም ለአያቶቻቸው ይላክ።