ቤቱ ይሸጣል፤ ዱሩስ የማን ነው?

በመተማ ቈላ በሽንፋ የሚኖር ሰው የሣር ክዳን ቤቱን ሊሸጥ ቢነሣ፥ የጥላውን ቅዝቃዜና የምሰሶውን ጽናት ተናግሮ ሲያበቃ፥ ከዱሩም ዕንጨት እንደሚቈረጥ፥ ከብትም እንደሚሰማራ መጨመሩ አይቀርም። ጥያቄውም ከዚህ ላይ ይነሣል። ቤቱን በእጁ ሠርቶታል፤ ዱሩን ግን አልተከለውም።

በ1967 ዓ.ም. የታወጀው ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አድርጎታል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ ገዥው የሚገዛው በድካም የተሠራውን ቤት ብቻ ነው። «አብርሃም ከኤፍሮን እርሻውን ከነዋሻው በ400 ሰቅል ብር ሲገዛ ዛፎቹም አብረው ለእርሱ አልኾኑምን?» የሚል ሊገኝ ይችላል። መልካም ጥያቄ ነው። ኤፍሮን ግን የገዛ ርስቱን በኬጢ ልጆች ፊት ሸጠ፤ የጎረቤቶቹን ድርሻ ግን አልነካም።

የዚያ ዱር ነገር ደግሞ ለእኛ ለካህናት ቅርብ ነው። በመተማ በረሓ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ቅርፊቱ ሲፋቅ ሙጫ ያፈሳል፤ ሙጫውም ደርቆ በጽናችን ላይ ይጤሳል። ዛፉ ያለ ዕረፍት ቢቈስል ይደክማል፥ ፍሬውም ያንሳል፤ ቡቃያውን ከብት ይበላዋል፥ እሳት ያቃጥለዋል። ስለዚህ በብዙ ስፍራ አሮጌው ዛፍ ቆሞ ሳለ ተተኪው አይታይም። የጋራ ነው እያሉ ኹሉ ይፍቁታል፤ ለመጠበቅ ሲኾን ግን ባለቤት የለውም።

እንግዲህ ሻጩ ስለ ዱሩ ለገዥው ሊነግረው የሚገባው፥ መንደሩ እሳት የሚከለክልበትን ተራና ዛፉ የሚያርፍበትን ወራት ነው። ገዥው ይህን ተራ አልቀበልም ቢል፥ ዋጋውን ከፍ ቢያደርግም እንኳ ባይሸጥለት እመርጣለሁ።