ስለ ብዙ ደመ ወዝና ስለ ጸና እንጀራ

ደመ ወዝ የሚለውን ቃል መምህራን ሲፈቱት ደምና ወዝ ያገኙበታል፤ ይኸውም ሠራተኛ የሚቀበለው ገንዘብ ስለ ደሙና ስለ ወዙ የሚሰጥ ዋጋ ነው ማለት ነው። ዳሩ ግን ይህ ዋጋ ሁሉ በየወሩ በእጅ የሚቈጠር አይደለም። ከፊሉ ዛሬ ይከፈላል፤ ከፊሉም በቃል ኪዳን ይቀመጣል። ያለ ጥፋት ከሥራ አለመነቀል፥ በሸመገሉ ጊዜ መጦር፥ በታመሙ ጊዜ አለመጣል፥ እነዚህ ሁሉ በሠራተኛው እጅ ገና ያልገቡ ደመ ወዞች ናቸው።

ይህን ነገር እንድንመረምር የሚያስገድደን በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየቤታቸው የሚያደርጉት ክርክር ነው። በዋሺንግተንና በአጠገቧ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተቀምጠዋል፤ የአገሪቱም መንግሥት መቀመጫ እዚያው ነው። ልጅ የኮምፒውተር ትምህርቱን በፈጸመ ጊዜ አባት፦ «ልጄ፥ መንግሥት ቤት ግባ፤ ገንዘቡ ቢያንስም እንጀራው የጸና ነው» ይለዋል። ልጅም፦ «አባዬ፥ እነ ጐግል የሚከፍሉትን መንግሥት በሕልሙም አይከፍለው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ። ብዙዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ጸሐፊዎችና ባለሙያዎች የሚተዳደሩበት የደመ ወዝ ሠንጠረዥ 15 ደረጃ አለው፤ በ2022 ዓ.ም. በላይኛው ጫፍ የደረሰ ሰው፥ የከተማው ኑሮ ውድነት ታስቦ ቢጨመርለት ስንኳ፥ በዓመት ከ176,300 ዶላር ማለፍ አይችልም ነበር። በዚያው ዓመት ፌስቡክን የያዘው ሜታ የተባለው ኩባንያ ራሱ እንዳስታወቀው፥ ሠራተኞቹ እንደሚያገኙት ገንዘብ መጠን ቢሰለፉ ከመካከል የሚቆመው ሰው ወደ 296 ሺህ ዶላር ያገኝ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ይኸው ኩባንያ ከ11,000 የሚበልጡ ሠራተኞች አሰናበተ፤ በጃንዋሪ 2023 ደግሞ የጐግል ባለቤት 12,000፥ ማይክሮሶፍት 10,000 ሠራተኞች እንደሚያሰናብቱ አስታወቁ።

ኩባንያው ሠራተኛውን ሲያሰናብት በድሎታልን? እንደ እኔ አሳብ ስንብቱ ብቻውን በደል አይባልም። ጸንተህ ትኖራለህ ብሎ ቃል አልገባለትም፤ የመነቀልን ሥጋትም በብዙ ገንዘብ አስቀድሞ ገዝቶታል። ይሁን እንጂ ኩባንያዎቹ ከደመ ወዙ ጋራ የአክሲዮን ድርሻ ይሰጣሉ፤ እርሱም ብዙ ጊዜ በ4 ዓመት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እንጂ ባንድ ጊዜ በእጅ አይገባም። በመካከል የተሰናበተ ሰው የቀረውን ማጣቱ የተለመደ ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ከንጹሕ ንግድ ይወጣል። ኤች ዋን ቢ በሚባለው ቪዛ ከውጭ አገር የመጣ ሰውማ ጭንቁ የባሰ ነው፤ ሥራው በተቋረጠ ጊዜ ሌላ አሠሪ እንዲፈልግ የሚሰጠው ቀን ቢበዛ 60 ነው።

የመንግሥት ሥራ ደግሞ በባሕርዩ የጸና ነው የሚል ሰው ታሪክን ይጠይቅ። በአገራችን በቀድሞው ዘመን የሚጸናው ርስት ነበር እንጂ ሹመት አልነበረም፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውም ተረት ሹም ሽርን ካየ ሕዝብ አፍ የወጣ ነው (ለሌብነት ምክንያት ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል እንጂ)። በአሜሪካም ፕሬዚዳንት በተለወጠ ቍጥር ጸሐፊውና የፖስታ ቤቱ ሹም ሳይቀሩ ይለወጡ ነበር። በ1881 ሹመት ለምኖ ያላገኘ ቻርልስ ጊቶ የተባለ ሰው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን በጥይት መታው፤ እርሱም ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተ። ከዚህም የተነሣ በ1883 የፔንድልተን ሕግ ወጣ፤ ሠራተኛ በፈተና እንዲገባ፥ የፖለቲካ መዋጮ አልሰጥም በማለቱም እንዳይነቀል አዘዘ። እንግዲህ ይህ ጽናት ለሠራተኛው ምቾት ብቻ የታሰበ አይደለም። እንጀራዬ ይቈረጣል ብሎ የማይፈራ ጸሐፊ፥ አለቃው ያልተገባ ወረቀት ፈርም ባለው ጊዜ አልፈርምም ለማለት ይደፍራል፤ ትርፉም የሕዝብ ነው። መቼም በዚሁ ጥላ ሥር የሚያንቀላፋ ሰነፍ አይጠፋም።

በጃንዋሪ 28 ቀን 2025 ግን ለመንግሥቱ ሠራተኞች፥ በፈቃዳቸው ቢለቁ እስከ ሴፕቴምበር 30 ደመ ወዛቸው እንደሚከፈላቸው የሚናገር ደብዳቤ ደረሳቸው። ርእሱ መንታ መንገድ የሚል ነበር፤ ኢሎን መስክ ትዊተርን ከገዛ በኋላ በ2022 ለኩባንያው ሠራተኞች የላከው መልእክት ርእስም ይኸው ነበር። በተከታዩ ወር በሙከራ ጊዜ ያሉ ሠራተኞች በብዙ ሺህ ተሰናበቱ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ብዙ ዘመን አገልግለው ወደ አዲስ ሥራ በመዛወራቸው እንደ ጀማሪ የተቈጠሩ ነበሩ። ነገሩም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ።

የሁለቱ ስንብት መልክ አንድ ይምሰል እንጂ ፍርዱ አንድ አይደለም። 20 ዓመት በአነስተኛ ደመ ወዝ ያገለገለ ሰው፥ በኩባንያ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ትርፍ በየዓመቱ ለጽናቱ ዋጋ አድርጎ ሲከፍል ኖሯል። አሠሪው ያን ቃል ሲያፈርስ የወደፊቱን ሥራ መከልከሉ ብቻ አይደለም፤ ያለፈውንም ዘመን ዋጋ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቀንስበታል። ላባ ያዕቆብን ስለ ራሔል 7 ዓመት አሠርቶ ልያን ሲሰጠው የበደለው ይህን ነው፤ ዓመቶቹ ወደ ያዕቆብ ሊመለሱ አይችሉምና። የሠራበት ጡረታ ቢጠበቅለትም፥ የ8 ወር ደመ ወዝ የ20 ዓመት ዕዳ አይዘጋም።

መንግሥት ሠራተኞቹን ፈጽሞ አይቀንስ አልልም፤ ሕዝብ የሚመርጠው ሊያድስም ነውና። ዳሩ ግን ሲቀንስ እንደ ባለ ዕዳ ይቍጠር። ያ ወጣት ዛሬ የአባቱን ምክር ትቶ ወደ ኩባንያው ቢሄድ አልነቅፈውም። መንግሥት ያንኑ ዐዋቂ ሊቀጥር ቢወድ፥ ቃሉ ካልታመነለት እንደ ኩባንያው በጥሬ ገንዘብ መክፈል ይኖርበታል፤ ያ ባለ 15 ደረጃው ሠንጠረዥ ግን ይህን አይፈቅድለትም።