ከበዳይ መንግሥት ጋር ስለ መነጋገር

ምስጋና የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ ይሁን፤ እዝነትና ሰላም በመልክተኛው በሙሐመድ ላይ ይውረድ።

የካራ ነጋዴዎችና ቤተሰቦች ሆይ! የንጹሓንን ደም ካፈሰሰ መንግሥት ጋር ተቀምጦ መነጋገር ይገባልን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። አላህ ሙሳንና ወንድሙን ሃሩንን የላካቸው ሕፃናትን ወዳሳረደው ወደ ፊርዓውን ነበር፤ በለስላሳ ቃልም እንዲናገሩት አዘዛቸው። ቃላቸው ለሰለሰ እንጂ ጉዳያቸው አልለሰለሰም፤ የእስራኤልን ልጆች ልቀቅ፥ ማሠቃየትህንም ተው አሉት።

በደጃችሁ የሚያልፈውን የደሴን መንገድ ተመልከቱ። ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ከደሴ ተነሥቶ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በጣሉ ጊዜ ፋሽስቶች ሦስት ቀን ሙሉ የከተማውን ሕዝብ ፈጁ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቍጥር 30,000 ብሎታል። በሚቀጥለው ወር ሙሶሊኒ በትሪፖሊ ሰይፍ ተቀብሎ ራሱን የእስልምና ጠባቂ አደረገ! ግራዚያኒም በ1924 ዓ.ም. በሊቢያ ሸይኽ ዑመር አል-ሙኽታርን ያሰቀለው ሰው ነው። በአገራችን መስጊድ እየሠሩ ሙስሊሙን ያባበሉትም እነዚሁ ናቸው፤ ከእኛ ወገን የተታለለ የለም ብዬ አልምልም።

ከጦርነቱ በኋላ በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። በ1940 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን የሚያስከስስ ማስረጃ መኖሩን ተቀበለ፤ ሆኖም በኢትዮጵያ ስለ ተፈጸመው ግፍ አንዳቸውም ለፍርድ አልቀረቡም። ኋላ ሁለቱ መንግሥታት ታርቀው መልእክተኞች ተለዋወጡ። በ1948 ዓ.ም. ከተወሰነው ባነሰ ካሣ ተስማሙ፤ በገንዘቡም የቆቃ ግድብ ተሠራ።

እኔ መነጋገሩን አልነቅፍም። የቆቃ መብራት ለድኻውም ለሀብታሙም በርቷል። ነገር ግን እናንተ ነጋዴዎች ናችሁ፤ ባለዕዳው ከፊሉን ከፍሎ ቡና ቢጋብዛችሁ የቀረውን ከደብተር ትሰርዛላችሁን? የቀረው ፍርዱ ነው። መልእክተኛ የመንግሥቱን ጉዳይ ሊዘጋ ይችላል፤ ገዳይን ይቅር ማለት ግን በሸሪዓ የሟች ወራሽ መብት ነው፤ ሱልጣን እንኳ ወራሹን ሳይጠይቅ በስሙ አይምርም። በ2004 ዓ.ም. በኢጣሊያ አፊሌ በተባለች ከተማ ለግራዚያኒ የመታሰቢያ ቤት ሲቆምለት፥ የየካቲትን ሟቾች ወራሾች ማን ጠየቃቸው?

አላህ ለተበደሉት ይፍረድላቸው። አሚን።