ለሚገባው ብቻ የተሠራ በር

እናንተ ኮምፒውተርን ከሩቅ ለመርዳት የሚያስችል ሶፍትዌር የምትነድፉ ሰዎች፣ ይህ ቃል ለእናንተ ነው። ለማያውቅ ሰው ሠራን ትላላችሁ፤ የሠራችሁት ግን ለሚያውቀው ነው። በዚህ ሥራ ሁለት ሰዎች ይገናኛሉ፤ አንዱ ዕውቀቱን ይዞ ይገባል፣ ሌላው ኮምፒውተሩን ከነምስጢሩ አሳልፎ ይሰጣል። መሣሪያውን ሁሉ ያደራጃችሁት ለገቢው ነው። ለሰጪው የተረፈው በማይገባው ቋንቋ የተጻፈ ጥያቄና የፈቃድ ቁልፍ ብቻ ነው።

ኮምፒውተርን ከሩቅ የሚያሠራው ቪኤንሲ የተባለው ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በእንግሊዝ ካምብሪጅ፣ በኦሊቬቲ የምርምር ላቦራቶሪ ሲሠራ ተጠቃሚዎቹ ባለሙያዎች ነበሩ። አይፒ አድራሻ ፈልጉ፣ ራውተሩ ላይ 5900 ቁጥር ፖርትን ክፈቱ ቢባሉ አይከብዳቸውም ነበር። በእነሱ አልፈርድም። ፖርት የመክፈቱ ችግር ግን ከተፈታ ቆየ፤ ሁለቱም ኮምፒውተሮች በየበኩላቸው ወደ መካከለኛ ሰርቨር ይደውላሉ፣ እዚያ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው የጀርመኑ ቲምቪውር ሰዎችን በመለያ ቁጥርና በፓስወርድ ሲያገናኝ ኖሯል። ዛሬም ስለ ፖርትና ስለ ፋየርዎል የምትጠይቁ ሰዎች ምክንያት የላችሁም።

ዋሽንግተን ያለ ልጅ አዲስ አበባ ላለች እናቱ ደውሎ «እማዬ፣ የሚታይሽን ኮድ አንብቢልኝ» ሲላት አስቡ። ኮዱ በስልክ እንደሚነበብ ታውቃላችሁ። ታዲያ ዜሮን ከኦ፣ አንድን ከኤል መለየት የማይቻልበት ፓስወርድ ለምን ሰጣችኋት? አንዱን ስታስት «ማረጋገጥ አልተቻለም» ትሏታላችሁ እንጂ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ አትነግሯትም። እሷም «እኔ እኮ አልችልበትም ልጄ፣ አደከምኩህ» ብላ ይቅርታ ትጠይቃለች። ልጆች አሳድጋ፣ ቤት አስተዳድራ የኖረች ሴት በእናንተ ስንፍና ራሷን አላዋቂ ትላለች። ማፈር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ!

ከዚህ የባሰም አለ። ቀላል እናድርገው ስትሉ የመግቢያውን መንገድ አሳጠራችሁ፣ የማስወጫውን ደበቃችሁ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ማይክሮሶፍት ራሱ፣ ወንጀለኞች የኮምፒውተር ድጋፍ ሠራተኛ መስለው እየደወሉ ኩዊክ አሲስት በተባለው ፕሮግራሙ ወደ ሰዎች ኮምፒውተር እንደሚገቡ አስታውቋል። ደዋዩ ኮዱን ይነግራል፤ የተደወለለት ሰው ያስገባል፣ ይፈቅዳል። የተሰበረ መቆለፊያ የለም። «ራሳቸው ፈቀዱ» የምትሉትን መልስ አልቀበለውም። ያልገባውን ሰው እሺ አሰኝቶ ፈቅዷል ማለት ግፍ ነው።

ማየትና መቆጣጠር ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው፤ ለይታችሁ ጠይቁ፣ በሰውየውም ቋንቋ ጠይቁ። የማቋረጫው ቁልፍ ከስክሪኑ አይጥፋ፣ ገቢውም ሊሸፍነው አይቻለው። ግንኙነቱ ሲያበቃ ፓስወርዱም አብሮ ያብቃ፤ የኮምፒውተሩ ባለቤት ሳታውቅ ተመልሶ የሚገባበት መንገድ ክፍት አይቆይ። ለገበያ ከማቅረባችሁ በፊት ኮምፒውተር የማይችል ሰው አስቀምጡና ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። ግራ ሲጋባ ልታስረዱት አፋችሁን ከከፈታችሁ፣ ሥራው አላለቀምና ሂዱ ጨርሱት።