ምርኮኛ ለማራኪው ይዘምራልን?

ከመቶ አምሳው የዳዊት መዝሙራት መካከል መዘመርን ራሱን እንቢ የሚል አንድ መዝሙር አለ፤ እርሱም 136ኛው ነው። የኢየሩሳሌም ምርኮኞች በባቢሎን ወንዞች ዳር ተቀምጠው አገራቸውን እያሰቡ ማልቀሳቸውን፣ ዕንዚራቸውን በአኻያ ዛፍ ላይ መስቀላቸውን፣ የማረኳቸውም ሰዎች መደሰት ቢያምራቸው ከጽዮን ዝማሬ ወገን እንዲያሰሟቸው መጠየቃቸውን፣ እነርሱ ግን የአምላካቸው ዝማሬ በባዕድ ምድር የመሳቂያ ነገር እንዳይሆን አንደበታቸውን መሰብሰባቸውን ይተርካል። የሚያስደንቀው እንቢታው ራሱ በዜማ መነገሩ ነው፤ ዝም ያሉት ሰዎች ዝምታቸውን ዘመሩት፤ ስለ ዘመሩትም እስከ እኛ ዘመን ደረሰ።

ይህ የእንቢታ መዝሙር በ1970 ዓ.ም. አጋማሽ ከጀርመን አገር በሸክላ ታትሞ ወጣና፣ በእንግሊዝ አገር አምስት ሳምንት ሙሉ ከዘፈኖች ሁሉ የአንደኝነቱን ስፍራ ይዞ፣ በዚያች አገር ብቻ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሸክላ ተሸጦለት፣ በአራቱ ማዕዘነ ዓለም የጭፈራ ቤት ማሟሟቂያ ሆነ። ዘፈኑ «የባቢሎን ወንዞች»፣ የዘፋኞቹ ቡድን «ቦኒ ኤም» ይባላል፤ ጊዜውም ዲስኮ የተባለው ስልት የነገሠበት ጊዜ ነበር። ማራኪዎቹ ለምነው ያጡትን፣ ምርኮኞቹም አልቅሰው የነፈጉትን ደስታ ዲስኮ ለማንም ለምንም አደለው ማለት ነው። ቅዱስ ቃል ለዘፈን በዋለ ጊዜ ቃሉ ይረክሳልን፣ ወይስ ዘፈኑ ይቀደሳል? ጥያቄው ለሊቃውንት የሚገባ ቢሆንም፣ ሊቃውንቱ ዲስኮ ስለማይሰሙ እኛ እንድንሞክረው ግድ ሆኗል።

ነገሩ የተጀመረው በጀርመን አልነበረም። ከዚያ ስምንት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በጃማይካ ደሴት፣ ብሬንት ዳውና ትሬቨር ማክኖተን የተባሉ፣ «ሜሎዲያንስ» ከሚባለው ቡድን የሆኑ ድምፃውያን፣ ሌስሊ ኮንግ በተባለ አሳታሚ ዘንድ መዝሙሩን በአገራቸው በሬጌ ስልት ቀርጸውት ነበር። ለጭፈራ አላሰቡትም፤ የራስ ተፈሪያን ጸሎት አድርገው ነው ያዘጋጁት። በዚህ እምነት አባቶቻቸውን ከአፍሪካ አስሮ፣ በመርከብ አሻግሮ፣ የሸንኮራ አገዳ ያስቆረጠው ኃይል ባቢሎን ነው፤ የምትናፈቀው ኢትዮጵያ ጽዮን ናት፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ትንቢት የተፈጸመባቸው ንጉሥ ናቸው። ስለዚህ በመዝሙሩ የእግዚአብሔር ስም በሚጠራበት ቦታ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚሰጡትን መጠሪያ አገቡበት። የጃማይካ መንግሥት ዘፈኑ ሕዝብ ያነሣሣል ብሎ በሬዲዮ እንዳይሰማ ከልክሎት እንደ ነበረ፣ ኮንግም ቃሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ መሆኑን አስረድቶ እንዳስፈታው ይነገራል፤ ንጉሥ ዳዊት በሳንሱር ፊት ጠበቃ ያስፈለገው ምናልባት ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በዚያው ዘመን ቤተ ክርስቲያናችን ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉትን አባት ወደ ጃማይካ ልካ፣ ንጉሡን እንደ አምላክ የሚያዩትን ሰዎች በሥላሴ ስም ታጠምቅ ጀመር። ንጉሡ ራሳቸው በተዋሕዶ ሃይማኖት ተጠምቀው ያደጉ፣ በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራቸውን በያዘባቸው ጊዜ በመጀመሪያ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው ጸልየው፣ ከዚያም በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ የስደትን ዓመታት የቆጠሩ ሰው ነበሩ። በባዕድ ወንዝ ዳር ተቀምጦ አገርን ማሰብ ምን እንደ ሆነ ከዘፈኑ ደራሲዎች ይልቅ እርሳቸው ያውቁታል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን መዝሙሩ ወደ እርሳቸው ሲዘመር እርሳቸው ከምርኮኞቹ ወገን እንጂ ከተዘመረለት ወገን መሆን አይችሉም ነበር።

ፍራንክ ፋሪያን የተባለው ጀርመናዊ አቀናባሪ ዘፈኑን ለቦኒ ኤም ሲያዘጋጅ ያንን የንጉሥ መጠሪያ አወጣና የእግዚአብሔርን ስም መለሰበት። ይህን ያደረገው ለሃይማኖት ተቆርቁሮ ሳይሆን ሸማቹ ሁሉ እንዲገባው ይመስለኛል፤ ሆኖም አንድ ነጋዴ ስለ ገበያ ሲል ያደረገው ነገር ቃሉን ወደ ዳዊት አቀረበው፤ በዲስኮ ቤት የተዘፈነው ከጸሎተኞቹ ይልቅ ለቤተ ክርስቲያን ንባብ የቀና ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በደርግ እጅ ካለፉ ሦስት ዓመት ሊሞላ ተቃርቦ ነበር። አገራቸውም በቀይ ሽብር ትታመስ ስለ ነበር ስማቸውን በምስጋና የሚያነሣ አልነበረም፤ ከአገራቸው አደባባይና ከጀርመኑ ሸክላ ስማቸው በአንድ ዘመን ተፋቀ።

የቡድኑ አራት ሰዎች ሁሉም የካሪብ ባሕር ደሴቶች ተወላጆች ነበሩ፤ ሊዝ ሚቸልና ማርሻ ባሬት ከጃማይካ፣ ሜዚ ዊሊያምስ ከሞንትሰራት፣ ቦቢ ፋረል ከአሩባ። በሸክላው ላይ ድምፃቸው የሚሰማው ግን የሁለቱ ጃማይካውያን ሴቶች ብቻ ነው፤ የወንዱ ድምፅ የፋሪያን የራሱ ነበር፤ ፋረል በመድረክ ላይ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጨፍር ነበር። እንግዲህ የምርኮኞች የልጅ ልጆች በአውሮፓ ሕዝብ ፊት ቆመው፣ ደስታ ለጠየቀው ተመልካች፣ ደስታ አንሰጥም የሚለውን መዝሙር በደስታ ሲያቀርቡ፣ ከመካከላቸውም አንዱ በሰው ድምፅ ሲዘምር ማሰብ ነው። ዳዊትን አንብቦ የሚያውቅ ሰው ከዚህ የበለጠ የመዝሙሩን አንድምታ የሚያሳይ ትዕይንት ያገኛል ብዬ አላስብም። በዚያው የፈረንጅ ዓመት መጨረሻ ቡድኑ ወደ ሞስኮ ተጋብዞ ዘፈነ፤ እግዚአብሔር የለም የሚለው መንግሥት የዳዊትን ቃል ያስጨፈሩትን ሰዎች በእንግድነት ተቀበለ።

ዘፈኑ ወደ እኛም በካሴት መጣ። ጅማ ውስጥ፣ መርካቶ በሚባለው ሰፈር፣ ከጆንያ ቡናና ከማር ነጋዴዎች አጠገብ የሙዚቃ ቤት የከፈተ አንድ ሰው ነበረ፤ እስላም ነው፤ ነገር ግን በዐቢይ ጾም ወራት ለክርስቲያን ደንበኞቹ ሲል ዘፈን አቁሞ መዝሙር፣ በረመዳንም መንዙማ ያሰማል። በጾሙ መካከል ከድምፅ ማጉያው «የባቢሎን ወንዞች» ሲወጣ ሰምቼ ብጠይቀው፣ ዘፈን መሆኑን ጨርሶ አልተቀበለኝም፤ ዳውድ የአላህ ነቢይ ነው፣ ዘቡር ወርዶለታል፣ ተራሮችና ወፎች እንኳ አብረውት አወድሰዋል፣ ታዲያ ይህ እንዴት ዘፈን ይሆናል ብሎ ተከራከረኝ። እኔ የዲስኮውን ከበሮ ጠቆምኩት፤ እርሱ ደግሞ የጥምቀትን ከበሮ ጠቆመኝ። መልስ አላገኘሁም።

በእርግጥ ለዚህ መልስ የሚገኝ አይመስለኝም፤ የእኛ ሥርዓት ራሱ ለከበሮና ለእግር እንቅስቃሴ ባዕድ አይደለምና። ካህናቱ በበዓል ቀን ጸናጽሉን ይዘው፣ መቋሚያውን አንሥተው፣ ከበሮው እየተመታ በሽብሸባ ሲወዛወዙ አይቶ ሃይማኖት ያለ እግር ነው የሚል የለም፤ ዳዊትም በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ በዘለለ ጊዜ የናቀችው ሜልኮል እንጂ እግዚአብሔር አልነበረም። ቅዱስ ያሬድም ዜማውን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ሲከፍለው ለጾምና ለኀዘን የሚስማማውን ከበዓሉ ለይቶ አስቀመጠ እንጂ ደስታን ከቤተ መቅደስ አላወጣም። ስለዚህ ዲስኮው የተሳሳተው በመዝለሉ ነው ማለት አይቻልም። ያሬድን የሚያውቅ ሰው ሊለው የሚችለው፣ የኀዘኑን የዕዝል ቃል በበዓሉ በአራራይ አዜመው ነው፤ ይህም ቀላል ክስ አይደለም።

የቀደሙት አባቶች በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልነበሩም። ቅዱስ ባስልዮስ የመዝሙርን ዜማ ሐኪም መራራ መድኃኒት በሚያጠጣበት ጽዋ አፍ ላይ ከሚቀባው ማር ጋር አመሳስሎታል፤ ሕፃኑ ማሩን ሲልስ መድኃኒቱን ይጠጣል። አውግስጢኖስ ግን በኑዛዜው በ10ኛው መጽሐፍ፣ ከሚዘመረው ነገር ይልቅ ዜማው ራሱ ልቡን የነካው ጊዜ እንደ በደል ቈጥሮ ተጨንቋል። ቦኒ ኤምን በባስልዮስ ሚዛን ብንመዝነው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያላለፉ ብዙዎች ከዲስኮ ቤት አንድ የዳዊት መዝሙር በቃላቸው ይዘው ወጥተዋል፤ በአውግስጢኖስ ሚዛን ብንመዝነው ማሩ ተልሶ መድኃኒቱ በጽዋው ቀርቷል። እኔ በዚህ ወደ አውግስጢኖስ አደላለሁ፤ ምክንያቴ ግን ከእርሱ ይለያል።

መዝሙሩን እስከ መጨረሻ የደገመ ሰው እንደሚያውቀው፣ ምርኮኛው የሚረግመው ጭፈራን አይደለም፤ መርሳትን ነው፤ ኢየሩሳሌምን የረሳ እንደ ሆነ የገዛ ቀኝ እጁና የገዛ ምላሱ እንዲከዱት በራሱ ላይ ይምላል። ከዚያ ቀጥሎ በባቢሎን ሕፃናት ላይ የሚመጣውን በቀል የሚናገረው፣ አንባቢን ሁልጊዜ የሚያስደነግጠው ክፍል ይመጣል። ጃማይካውያኑ ይህን ትተው በምትኩ ከ18ኛው መዝሙር መጨረሻ፣ የአንደበት ቃልና የልብ አሳብ በእግዚአብሔር ፊት ያማረ ይሆን ዘንድ የሚለምነውን ቃል አስገቡ፤ ቦኒ ኤምም እንዳለ ተቀበለው። ቤተ ክርስቲያን ግን በቀሉን ሳታስቀር ታነበዋለች፤ አርጌንስን የመሰሉ መተርጕማን ሕፃናቱን ገና በልብ ሳሉ በዐለቱ በክርስቶስ ላይ የሚፈጠፈጡ ክፉ አሳቦች ናቸው ብለው ፈቱት። ትርጓሜው ያማረ ነው፤ ሆኖም ልጁ በፊቱ የተገደለበት ምርኮኛ የተናገረውን ቃል ፈጥኖ ወደ ምሥጢር መለወጥ፣ ቃሉን ከዘፈን ውስጥ ማውጣትን ያህል ምቹ ነገር እንዳይሆን እሠጋለሁ። በቀል የተመኘው ሰው መከራው ትኩስ ነበረ፤ ያን ትኩሳት ያጣ ዝማሬ ለማንም ማራኪ ሊቀርብ ይችላል።

እንግዲህ ስለ መርሳት ከተነሣ የጅማ ሰው ዝም ማለት አይገባውም። ዛሬ ቡና የሚነገድበት ይህ ምድር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሂርማታ የሚባለው፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆም፣ በደቡብ ምዕራብ ወደር ያልነበረው ገበያ ነበረው፤ ከሚሸጠውም ውስጥ ከቡናው፣ ከዝባዱና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ሰው ነበረበት። ከከፋ፣ ከኩሎና ከአካባቢው የተያዙ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው ግቤን ተሻግረው፣ በጎጃም በባሶ ገበያ አልፈው፣ ወደ ጎንደርና ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ማዶ ይነዱ ነበር። ሻጩም ገዢውም ከአንድ ሃይማኖት ብቻ አልነበሩም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ነግዷል፤ ከፋም በነጻነቷ ዘመን ራሷ ሰው ትሸጥ ነበር። ፍትሐ ነገሥታችን ሰው በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ከመሰከረ በኋላ በጦርነት የተማረከውን ባሪያ ማድረግን ፈቅዷል። እነዚያ ሰዎች በገዢዎቻቸው ሰርግና ግብር ላይ የአገራቸውን ዘፈን እንዲያሰሙ ሳይጠየቁ የቀሩ አይመስለኝም፤ ሲጠየቁ እንቢ ያለ ቢኖር ግን እንቢታውን በዜማ አስሮ የሚያስተላልፍ መጽሐፍ አላገኘም። የእነርሱ ልጆች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ስለ አያቶቻቸው ግን በሹክሹክታ ካልሆነ አይነገርም።

የጃማይካው ድምፃዊ ጽዮን ብሎ የዘመረላት አገር ለከፋዋ ምርኮኛ ባቢሎን ነበረች። ይህን የምለው ራስ ተፈሪያንን በናፍቆታቸው ለመንቀፍ አይደለም፤ ምርኮኛ ተስፋውን የሚያኖርበት ስፍራ ያስፈልገዋል፤ የምናፍረው በስማችን የተዘመረውን ሰምተን ደስ እያለን ስለ ራሳችን ወንዞች ያልጠየቅነው እኛ ነን። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ነጻ አወጣጥ ሕግ ወጣ፤ ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ ግን የታወጀው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከባሕር ማዶ ለሚመለሱት የጥቁር ሕዝብ ልጆች ንጉሠ ነገሥቱ በሻሸመኔ አምስት ጋሻ መሬት የሰጡት ከዚያ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ነበር።